ቤቱ ረከሰ፤ ሁለተኛው ሥራስ?

በዋሽንግተን ዙሪያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ላለፉት ጥቂት ዓመታት አንድ ወሬ ከቤት ቤት ይዞራል። እገሌና ሚስቱ ኮሎምበስ ሄደው ባለ አራት መኝታ ቤት ገዙ፤ የእገሊት ወንድም ካንሳስ ሲቲ ገብቶ ኪራይ በግማሽ ቀነሰለት፤ ሱ ፎልስ ሥራ እንደ ልብ ነው ይባላል። ከቅዳሴ በኋላ፣ በለቅሶ ቤት፣ በክርስትና ድግስ ላይ ሁሉ ይነሣል። ወሬው እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። የቤቱን ዋጋ ይነግረናል እንጂ ለ30 ዓመት የሚከፍለው ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ፣ ያ ደመወዝ ቢቋረጥ ደግሞ በዚያው ከተማ ሌላ ይገኝ እንደሆነ አይነግረንም።

ሰዉ መውጫ ቢፈልግ አይፈረድበትም። በፌርፋክስ ካውንቲ የመካከለኛው ቤት ዋጋ 700,000 ዶላርን አልፏል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ላይ የባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ኪራይ የአንድን ሰው ደመወዝ አሟጦ ይወስዳል። በ2025 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ሲቀንሱ ደግሞ ጉዳቱ በመንግሥት ተቀጣሪዎች ላይ ብቻ አልቆመም። ቢሮው ባዶ ሲሆን ከሥሩ ያለው ፓርኪንግ፣ ከጎኑ ያለው ካፌ፣ ከፊቱ የሚቆመው ታክሲ አብሮ ይቀዘቅዛል። የእኛ ሰው በብዛት የሚሠራው ደግሞ እዚያ ነው።

ነገር ግን በ2021 የሄደ ሰው ታሪክ ዛሬ ለሚሄድ ሰው ማስረጃ አይሆንም። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ላይ የ30 ዓመት ሞርጌጅ አማካይ ወለድ እስከ 2.65 በመቶ ወርዶ ነበር። በኦክቶበር 2023 ወደ 7.79 በመቶ ወጣ፤ ከዚያ ቢቀንስም ወደ ድሮው አልተመለሰም። 300,000 ዶላር በ3 በመቶ የተበደረ ሰው ለዋናውና ለወለዱ በወር 1,265 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ያንኑ ገንዘብ በ7 በመቶ የወሰደ ሰው 1,996 ዶላር ይከፍላል። ልዩነቱ በወር ከ700 ዶላር በላይ ነው፤ የቤት ግብሩና ኢንሹራንሱ ገና አልተጨመረም። ቀድሞ የሄደው ጎረቤታችን የነገረን ስሌት ለእሱ ትክክል ነበር፤ ለእኛ ግን ከመጀመሪያው መሠራት አለበት።

እኔ ከተማን ከከተማ ሳወዳድር ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ሥራ ቢቀር ሁለተኛው ሥራ የት ነው? በዋሽንግተን ዙሪያ ሰው ከአንዱ ሆስፒታል ቢወጣ ሌላ አለ፤ አንዱ ሆቴል ሠራተኛ ቢቀንስ ሌላው ይቀጥራል፤ ምንም ቢጠፋ ለጊዜው ኡበር ይነዳል። ኪራዩ ውድ የሆነው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሕዝቧ ጥቂት መቶ ሺህ በሆነች ከተማ ግን ለአንድ ሙያ ያለው ቀጣሪ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ባልና ሚስት ሲሆኑ ጥያቄው እጥፍ ነው፤ ለአንዱ የተመቸች ከተማ ሌላውን ቤት ልታስቀምጠው ትችላለች።

ኮሎምበስ በዚህ መለኪያ ጥሩ ነጥብ ታገኛለች። በ2020 ቆጠራ 905,748 ነዋሪ ስለነበራት ከመካከለኛ ከተማነት ወደ ትልቅነት እየተሻገረች ነው። የኦሃዮ ዋና ከተማ በመሆኗ የስቴቱ መሥሪያ ቤቶች አሉባት። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከነሕክምና ማዕከሉ፣ ኦሃዮኸልዝ፣ ማውንት ካርመል፣ ኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታል ሁሉም እዚያው ናቸው። ቼዝ ባንክ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ አለው። በከተማዋ ዙሪያ የዌርሃውሱ ብዛት ለዓይን ይታክታል፤ ሆንዳ ደግሞ በሜሪስቪል መኪና ይሠራል። ነርሷ ከአንዱ ሆስፒታል ወጥታ ሌላው ዘንድ ትገባለች። ዌርሃውስ ያለው ሰው ሰዓት ሲቀንሱበት ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። የኮሎምበስ ዋና ሀብት ይህ ነው፤ የቤቷ ዋጋ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ሂሳቡ ላይ ግን ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የኮሎምበስ ከተማ ከደመወዝ 2.5 በመቶ የራሷን ግብር ትወስዳለች፤ የስቴቱና የፌዴራሉ ለብቻ ናቸው። በዓመት 60,000 ዶላር ለሚያገኝ ሰው 1,500 ዶላር ማለት ነው። ግብሩ ሥራ ቦታን ስለሚከተል ዳር ወጥቶ መኖር አያስመልጥም፤ ሥራው ኮሎምበስ ከሆነ የሚቆረጠው ለኮሎምበስ ነው። ለሞንትጎመሪ ካውንቲ 3.2 በመቶ መክፈል የለመደ የሜሪላንድ ሰው ይህን ሲያይ አይደነግጥም። የቨርጂኒያ ሰው ግን ለከተማ የሚከፈል የደመወዝ ግብር አያውቅምና የመጀመሪያውን ቼክ ሲያይ ስህተት ይመስለዋል። የቤት ግብሩም ቋሚ አይደለም። ኮሎምበስ ያለችበት የፍራንክሊን ካውንቲ በ2023 የቤቶችን ግምት ሲከልስ የመኖሪያ ቤቶች ግምት በአማካይ 40 በመቶ ገደማ ዘለለ። ግብሩ በዚያው ልክ ባይጨምርም ወርኃዊ ክፍያቸው የተለወጠባቸው ብዙዎች ናቸው። ቤት ገዢ የዘንድሮውን ግብር ብቻ አይቶ በጀት ካወጣ ክለሳው ሲመጣ ይጨንቀዋል።

ስለ ኮሎምበስ ሲወራ ኢንቴል መነሣቱ አይቀርም። ኩባንያው በጃንዋሪ 2022 ከከተማዋ ወጣ ብሎ የ20 ቢሊዮን ዶላር የቺፕ ፋብሪካ እንደሚገነባ ሲያስታውቅ ምርቱ በ2025 ይጀምራል ተብሎ ነበር። አሁን የሚባለው 2030 ወይም 2031 ነው። ያልተከፈተ ፋብሪካ ሥራ ስላልሆነ፣ ዜናውን ተማምኖ ቤት መግዛት እንደማይገባ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ሱ ፎልስ ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ከተማ ናት፤ ብዙ ላስብባት የሚገባ ይመስለኛል። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 192,517 ነበር። ሳውዝ ዳኮታ የስቴት የገቢ ግብር የላትም፤ የሥራ አጦቿ ቁጥርም በአገሪቱ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሳንፎርድና አቬራ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ የሕክምና ድርጅቶች አሏት። ሲቲባንክ በ1981 የክሬዲት ካርድ ሥራውን ከኒውዮርክ ወደዚያ ካዛወረ ወዲህ የባንክ ሥራም ገብቷል። ለብዙ የሐበሻ ቤተሰብ በሩ የተከፈተው ግን በስሚዝፊልድ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ በኩል ነው። ይህ ፋብሪካ በ1909 የተቋቋመ ሲሆን በሠራተኞቹ መካከል በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ ይገኙበታል። እንግሊዝኛው ያልዳበረ፣ ትምህርቱ ያልተቆጠረለት ሰው ገብቶ በዩኒየን ደመወዝ ቤተሰቡን ሊያስተዳድር የቻለበት ቦታ ነው። ይህን አቃልሎ ማየት ነውር ነው።

ሥራው ግን ከባድ ነው። በብርድ ክፍል ቆሞ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ቢላ በአንድ ዓይነት መንገድ ማንቀሳቀስ ነው፤ ትከሻና የእጅ አንጓ ይከፍላሉ። በኤፕሪል 2020 ኮቪድ ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ ሲስፋፋ የፋብሪካው መስመር ለሳምንታት ቆመ፤ በዚያ ጸደይ ከ1,200 በላይ ሠራተኞች ተያዙ። ባልም ሚስትም እዚያው የሚሠሩባቸው ቤቶች በአንድ ቀን ሁለት ደመወዝ ቀረባቸው፤ በሽታውም በሁለቱ በኩል ወደ ቤት ገባ። ስለዚህ ሱ ፎልስ ላይ የምመክረው ግልጽ ነው፦ ሁለታችሁም አንድ በር አትግቡ። አንዱ ፋብሪካ ከሆነ ሌላው ወደ ሕክምናው ይሂድ። ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆና ሳንፎርድ ወይም አቬራ የገባች ሴት በጥቂት ዓመት ውስጥ ፈቃድ ያላት ነርስ፣ ማለትም ኤልፒኤን ወይም ከዚያ ከፍ ያለችው አርኤን፣ የመሆን መንገድ አላት፤ እዚያ ያለው የሠራተኛ እጥረት ይህን ያግዛል። በሌላ በኩል የኮምፒውተር ባለሙያ ከሆናችሁ፣ ሥራችሁም ከቤት የሚሠራ ካልሆነ፣ ከመጀመሪያው ቀጣሪ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ለመጥራት ትቸገራላችሁ። አንድ ከተማ ለአንዱ ሙያ ሰፊ፣ ለሌላው ጠባብ ሊሆን እንደሚችል ከሱ ፎልስ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

ላስ ቬጋስ ደግሞ ሥራ ብዙ መስሎ አንድ የሚሆንበትን ምሳሌ ትሰጣለች። ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን አሉባት፤ ክላርክ ካውንቲ በ2023 አንዱን አካባቢ ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ እስከ መሰየም ደርሷል። ኔቫዳም የገቢ ግብር የላትም። የሆቴልና የካዚኖ ሠራተኞችን የያዘው የምግብ ሠራተኞች ዩኒየን፣ ሎካል 226፣ በአገሪቱ ካሉት ጠንካራ ማኅበራት አንዱ ነው፤ በኖቬምበር 2023 ከትልልቆቹ ካዚኖዎች ጋር የአምስት ዓመት ውል ሲፈራረም ለአባላቱ ከፍተኛ ጭማሪ አስገኝቷል። ቤት አጽጂ የሆነች እናት በዚያ ውል የጤና ኢንሹራንስና ጡረታ ታገኛለች፤ በብዙ ከተሞች ይህ የለም። ችግሩ ሆቴሉም፣ ታክሲውም፣ ሬስቶራንቱም፣ ኡበሩም የሚኖሩት በአንድ እንግዳ ኪስ ነው። በማርች 2020 ካዚኖዎቹ ሲዘጉ በሚቀጥለው ወር የኔቫዳ ሥራ አጥነት 30 በመቶ ገደማ ደረሰ። ባል ታክሲ፣ ሚስት ሆቴል የሆኑበት ቤት ሁለት ሥራ ያለው ይመስላል፤ ምንጩ ግን አንድ ነው። እዚያ ለሚሄድ ሰው የበጋው ሙቀትም ቀላል አይደለም፤ በጁላይ 2024 ወደ 49 ዲግሪ ሴልሺየስ ወጥቷል። የመብራት ሂሳቡ ኪራዩ ላይ ይደመርበት።

ካንሳስ ሲቲን ሳስብ የሚያስደንቀኝ የስቴቱ ድንበር ነው። ከተማዋ በሚዙሪና በካንሳስ መካከል ተከፍላለች፤ የድንበር መስመር የሚባለውን መንገድ ስትሻገሩ ሕጉ ይለወጣል። በሚዙሪ በኩል ዝቅተኛው ደመወዝ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ነው። ካንሳስ አሁንም ከ2009 ያልተነካውን የፌዴራል 7.25 ዶላር ይዛለች። ሚዙሪ በ2020 በሕዝብ ድምፅ ሜዲኬይድን፣ ማለትም የመንግሥትን የጤና ኢንሹራንስ፣ ለዝቅተኛ ገቢ አዋቂዎች አስፍታለች፤ ካንሳስ አላሰፋችም። ይህ ማለት አንድ በሰዓት የሚሠራ፣ ኢንሹራንስ የማይሰጠው ሰው በመንገዱ ምሥራቅ ከኖረ ሊታከም ሲችል በምዕራቡ ከኖረ ሂሳቡ በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በተቃራኒው በካንሳስ በኩል ያሉት የጆንሰን ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ስማቸው የተመሰገነ ስለሆነ ልጅ ያለው ቤተሰብ ወደ ኦቨርላንድ ፓርክና ኦላቴ ይሳባል። የሚዙሪው የከተማ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ለብዙ ዓመታት ሙሉ እውቅና አጥቶ ቆይቶ ያገኘው በ2022 ነው። የካንሳስ ሲቲ ሚዙሪ ከተማም በውስጧ ከሚኖርም ሆነ ከሚሠራ ሰው 1 በመቶ የገቢ ግብር ትወስዳለች። ስለዚህ ካንሳስ ሲቲ ልግባ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የትኛዋን ማለቱ እንደሆነ መወሰን አለበት። ጤና ኢንሹራንስ ያለው ሥራና ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሉት የካንሳሱ ወገን ያዋጣዋል። ሥራው በሰዓት የሆነ፣ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ግን ሚዙሪ ይግባ ባይ ነኝ። ሁለቱም ወገን ለሁለተኛ ሥራ መጥፎ አይደለም፤ በክሌይኮሞ የፎርድ ፋብሪካ አለ፣ በዴሶቶ ፓናሶኒክ በጁላይ 2025 የባትሪ ፋብሪካ ከፍቷል፣ ሆስፒታሎቹና የባቡርና የጭነት ሥራው ብዙ ናቸው። መኪናችሁን ስታስመዘግቡ ለመኪና የሚከፈል ዓመታዊ ግብር በሁለቱም በኩል ይጠብቃችኋል፤ የቨርጂኒያ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ናሽቪል ርካሽ የምትባልበት ዘመን አልፏል። ቴነሲ በደመወዝ ላይ ግብር ስለሌላት ሰው ይማረካል፤ በናሽቪል የሽያጭ ግብሩ ግን ከ2025 ጀምሮ 9.75 በመቶ ነው፤ በአስቤዛ ላይም ዝቅ ባለ መጠን ይከፈላል። ብዙ ልጅ ያለው፣ ገቢውን በምግብና በልብስ የሚጨርስ ቤተሰብ ግብሩን በካሸሩ በኩል ይከፍለዋል። ቴነሲ የራሷ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም፤ ሜዲኬይድንም አላሰፋችም። ለነርስና ለሕክምና ባለሙያ ግን ቫንደርቢልትና የኤችሲኤ ሆስፒታሎች ያሉባት ከተማ ስለሆነች ሁለተኛ ሥራ አትነፍግም።

ፒትስበርግ ርካሽ ቤት በእርግጥ አላት፤ ምክንያቱም በ1950 ከ676,000 በላይ የነበረው ነዋሪዋ በ2020 ወደ 303,000 ወርዷል፤ ቤቱ የተሠራው ለዚያ ሁሉ ሰው ነበር። ብዙው ቤት ያረጀ ስለሆነ ቦይለሩንና ጣሪያውን ሳያስፈትሹ መግዛት አይገባም። ለከተማውና ለትምህርት ቤቱ የሚከፈለው የደመወዝ ግብር ተደምሮ 3 በመቶ ነው። የሕክምናው ሥራም በዩፒኤምሲና በአሌጌኒ የሕክምና ድርጅቶች መካከል የተከፋፈለ ነው፤ ከሁለቱ ከተጣላችሁ ሦስተኛ በር ጠባብ ነው።

ሁለት ሙያዎች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። አርኤን የሆነ ሰው የነርሶች ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ባሉ ስቴቶች መካከል በቀላሉ ይዘዋወራል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ኦሃዮ፣ ቴነሲ፣ ሚዙሪ፣ ካንሳስና ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ናቸው፤ ኔቫዳ ግን የለችበትም። ኑሮውን ያዛወረ ሰው በ60 ቀን ውስጥ ለአዲሱ ስቴት ፈቃድ ማመልከት ይጠበቅበታል። ሲኤንኤ በዚህ ስምምነት ስለማይሸፈን በየስቴቱ መዝገብ ማዛወሩን ቀድሞ መጀመር ይገባል። ረጅም መንገድ ትራክ የሚነዳ ሰው ደግሞ ሥራው የትም ስለሆነ ከተማውን ለሚስቱና ለልጆቹ ይምረጥ፤ ሁለተኛ ሥራ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው። ይሁንና ከጁን 2025 ጀምሮ የመንገድ ተቆጣጣሪዎች እንግሊዝኛ የማይችል ሹፌርን ከመንገድ እያስወጡ ነው፤ የትራኩን ገቢ ተማምኖ ሞርጌጅ የሚገባ ሰው ይህንን አብሮ ያስብበት።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ጉዳይ ልግባ። የጥገኝነት ኬዝ በእጁ ያለ ሰው ከተማ ሲቀይር ዕቃውን ብቻ አያዛውርም። አድራሻ የቀየረ ስደተኛ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታው ነው። ኬዙ በጥገኝነት ቢሮ ከሆነ መዝገቡ አዲሱን አድራሻ ተከትሎ ይሄዳል፤ ከአርሊንግተን ቢሮ ወጥቶ የኦሃዮ፣ የሚዙሪ፣ የካንሳስና የሳውዝ ዳኮታው ወደ ቺካጎ፣ የቴነሲው ወደ ኒው ኦርሊንስ ይሻገራል። ጠበቃችሁ ቨርጂኒያ ከሆነ ለቃለ መጠይቁ ማን አብሮ ይቀርባል?

ኬዙ ፍርድ ቤት ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ለፍርድ ቤቱ አድራሻ መቀየርን በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በራሱ ቅጽ ማሳወቅ ያስፈልጋል። አድራሻ ማሳወቅ ብቻውን ኬዙን ወደ አዲሱ ከተማ አያዛውረውም። ቦታ እንዲቀየር ለዳኛው ማመልከቻ ይቀርባል፤ ዳኛው እስኪፈቅድ ድረስ ቀጠሮው የቀድሞው ፍርድ ቤት ነው። ያን ቀን ያልቀረበ ሰው በሌለበት ከአገር እንዲወጣ ሊወሰንበት ይችላል። ከዚህም በላይ ፍርድ ቤት ሲቀየር ዳኛው የሚመራበት የይግባኝ ፍርድ ቤት ይቀየራል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በአራተኛው የይግባኝ ወረዳ ሥር ናቸው፤ ኦሃዮና ቴነሲ በስድስተኛው፣ ሚዙሪና ሳውዝ ዳኮታ በስምንተኛው። አራተኛው ወረዳ በቤተሰብ ምክንያት የሚደርስን ስደት በመሳሰሉ ጥያቄዎች ለአመልካቹ ሰፋ ያለ ትርጉም የሚሰጥ መሆኑን የጥገኝነት ጠበቆች በደንብ ያውቃሉ። በወር 600 ዶላር ኪራይ ለማዳን ብሎ የሕይወቱን ኬዝ ወደ ጠበበ ሕግ የሚወስድ ወገን እንዳይኖር እፈልጋለሁ። ከጠበቃችሁ ጋር ሳትነጋገሩ ሊዝ አትፈርሙ። ዜግነት ለማመልከት የተቃረበ ሰውም በአዲሱ ስቴት ሦስት ወር ሳይኖር ማመልከት አይችልም፤ ጥቂት ወራት ታግሶ ፎርሙን አስገብቶ መሄድ ይሻለዋል።

በጤናውም በኩል ሕጉ ተቀይሯል። በጁላይ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ከሜዲኬይድ ያስወጣል። ስለዚህ እዚያ ስቴት ሜዲኬይድ ቀላል ነው የሚለው የድሮ ምክር ለሁሉም አይሠራም፤ ኢንሹራንስ የሚሰጥ ቀጣሪ ያለበት ከተማ ዋጋው በዚያው ልክ ጨምሯል።

ዋሽንግተን ያላትን ሰው የሚያውቀው ከወጣ በኋላ ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ ዋና ዋና ሰነዶችን በአማርኛ ያዘጋጃሉ። በኮሎምበስ ሶማሊኛና ኔፓሊኛ ከአማርኛ ይቀድማሉ፤ በሱ ፎልስ አስተርጓሚ ብዙ ጊዜ በስልክ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታቸው ስለሆነ፣ ልጅ ትምህርት ቤት እየቀረ ለእናቱ እንዲያስተረጉም አታድርጉ፤ ጠይቁ። ዲሲ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት በነፃ ትሰጣለች። ሳውዝ ዳኮታ ግን በስቴት ገንዘብ የሚደገፍ ቅድመ መደበኛ የላትም፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ የደይኬሩን ሂሳብ ሲያይ የገቢ ግብር አለመኖሩ ብዙም አይታወሰውም።

መኪና የማይነዳ ሰው ነገርም አለ፤ ብዙ ጊዜ ሚስት ወይም ከአገር ቤት የመጣች እናት ናት። በሲልቨር ስፕሪንግ አውቶቡስና ባቡር አለ፤ ገበያውም ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው። በእነዚህ ከተሞች መኪና የሌለው ሰው ቤት ውስጥ ይዘጋል። ኮሎምበስ በኖቬምበር 2024 ለፈጣን አውቶቡስ መስመሮች ግብር በድምፅ አጽድቃለች፤ ናሽቪልም በዚያው ቀን አጽድቃለች፤ መስመሮቹ እስኪሠሩ ግን ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ የሁለተኛ መኪና ክፍያና ኢንሹራንስ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በጀት ውስጥ ይግባ፤ መንጃ ፈቃዱ ደግሞ ከመሄድ በፊት እዚህ ይውጣ። እናቶቻችንን በበረዶ አገር ብቻቸውን ከቴሌቪዥን ጋር ትተን ስንሄድ የምንከፍለው ዋጋ የትኛውም ሂሳብ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እኔ ይገባል ብዬ አምናለሁ። በቅርብ የአማርኛ ቅዳሴ ወይም ጸሎት፣ የሰፈር እድር፣ የሚጠይቃት ጎረቤት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ከቤቱ ስፋት እኩል ሊታይ ይገባል።

ቤት ለመግዛት የሚሄድ ሰው ደግሞ ባንኩ የሚያየውን ቀድሞ ይወቅ። በደመወዝ የሚሠራ ሰው፣ በተለይ በዚያው ሙያ ከቀጠለ፣ በአዲሱ ከተማ የተሰጠውን የቅጥር ደብዳቤ ይዞ ሞርጌጅ ሊያገኝ ይችላል። ኡበር፣ ታክሲ ወይም የራሱን ትራክ የሚነዳ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀት ይጠየቃል። ባንኩ የሚቆጥረው በእጁ የገባውን ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን ከወጪ ቀሪውን ነው። በዓመት 80,000 ዶላር አስገብቶ፣ ነዳጅና ማይል ቀናንሶ 25,000 ያሳወቀ ሹፌር ለባንኩ የ25,000 ሰው ነው። ኮሎምበስ ደርሶ ቤቱን መርጦ ብድር ሲከለከል ከተማውን ይራገማል፤ የተከለከለበት ወረቀት ግን የተሞላው ከሁለት ዓመት በፊት ቨርጂኒያ ነው። መሄድ ያሰበ ሹፌር ከዘንድሮው ታክስ ጀምሮ ከሂሳብ ሠራተኛው ጋር ይምከር፤ ሚስቱም በደመወዝ የሚከፈል ሥራ ካላት ብድሩ በእሷ ስም ሊጀመር ይችላል፤ ያ ከሆነ ከቨርጂኒያ ከመነሣታቸው በፊት በአዲሱ ከተማ ቅጥር ማግኘት ያለባት እሷ ናት።